«ማን ነገረዎት?» ብላ ለጠየቀችኝ አዋላጅ ነርስ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ስድስት ወር ዘገየሁ። መጀመሪያ ሀፍረት ነበር፣ ቀጥሎ ደግሞ ክንዴ ላይ የምትውለዋ ልጅ አላስጽፍ አለችኝ። አሁን ተኝታለች፤ እስክትነቃ የቻልኩትን ያህል ልጻፍ።

የማመሰግናት ሰው እዚህ ደሴ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ስሟን ልጻፈው ብላት «ኧረ ይተዉኝ፣ ወረፋው አሁንም በዝቶብኛል» አለችኝ። ስለዚህ እዚህ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ያንን ፈቅዳልኛለች።

እኔ አስተማሪ ነኝ። 22 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ሴቷ ልጄ 24 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 19፤ እሱም ዓምና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቤቱ ጭር ብሏል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከጅቡቲ መስመር አልፎ አልፎ ነው ብቅ የሚለው። 45 ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። ጓደኞቼም እንደዚያው ስለሆኑ «በቃ፣ አርጠናል» እየተባባልን ቡና ላይ ስንስቅ ነበር የከረምነው። የሦስት ወሩን መርፌም ከዚያ በፊት ትቼዋለሁ። ከእንግዲህ ምን ይመጣል ብዬ!

ጥቅምት ላይ ምግብ አስጠላኝ። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከቤት ያስወጣኝ ጀመር። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደም ተወሰደ፣ የተለመደው መልስ መጣ፦ ታይፎይድ አለብሽ፣ ጨጓራም አለብሽ። አንድ ከረጢት መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ደግሜ ሄድኩ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። በሁለቱም ጊዜ የወር አበባዬን ማንም አልጠየቀኝም። የተናደድኩት በኋላ ነው እንጂ ያኔ እኔም መጠየቅ ያለበት ነገር አልመሰለኝም። ፀጉሬ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጌያለሁ፤ እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ይጠረጥራል?

ጤና ጣቢያ የገባሁት በኅዳር መጨረሻ ግፊቴን ልለካ ብዬ ነው። የተመላላሽ ክፍሉ ወረፋ እስከ ግቢው በር ደርሷል። ሲስተር ከእናቶች ክፍል ብቅ ብላ አየችኝ፣ «ለግፊት ብቻ ከሆነ ይምጡ እኔ ልለካዎት» አለች። ለካችኝ። ደህና ነው። ልነሳ ስል «ፊትዎ ግን ደህና አይደለም፣ ምን ያምዎታል?» አለችኝ። የታይፎይዱን፣ የጨጓራውን፣ የከረጢቱን መድኃኒት ሁሉ ዘረገፍኩላት።

«የወር አበባዎ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?»

ሳቅኩ። «ሲስተር፣ እኔ እኮ አርጫለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

ዝም አልኩ። ማንም አልነገረኝም። ለራሴ የነገርኩት እኔው ነኝ። ቀጥላ «አረጠች የሚባለው ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ዓመት ሞላዎት?» አለች። አልሞላኝም። ነሐሴ ላይ ጥቂት አይቻለሁ። የሽንት መያዣ ዕቃ ሰጠችኝ።

ሁለቱ መስመሮች ሲወጡ እንኳን ደስ አለዎት አላለችኝም። «በዚህ ዕድሜ!» ብላም አፏን አልያዘችም። ብዙ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው ያለኝ፤ እሷ ግን በሩን ዘጋች፣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች፣ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ውጭ የተሰለፉት ሴቶች ሲያጉረመርሙ ይሰማል፤ አልተነሳችም። እንባዬ ሲቆም «መጀመሪያ ለማን ይነግራሉ?» አለችኝ። ለማንም አልኳት። «እሺ። ለጊዜው እርስዎና እኔ ብቻ እንወቀው።»

ስለ ማቋረጥ ያነሳሁትም እኔው ነኝ። ይህን እዚህ መጻፉ ከብዶኛል፣ ግን ዘልዬው ካለፍኩ ውለታዋ ግማሽ ይሆናል። አልተቆጣችም፣ አልሰበከችኝም። ሕጉ በምን በምን ምክንያት እንደሚፈቅድ ነገረችኝ። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ሳምንቱ መታወቅ እንዳለበት፣ ከዚያም ሐኪም ማናገር እንደምችል አስረዳችኝ። አልትራሳውንዱ 15 ሳምንት አለ። ሦስት ቀን ሳልተኛ ቆይቼ በአራተኛው ተመለስኩና «እቀጥላለሁ» አልኳት። «እንግዲያው ካርድ እናውጣ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እኔ ደግሞ ቀጥሎ የፈራሁት የልጁን ጤና ነበር። ስልኬ ላይ ያነበብኩት ሁሉ የሚያስደነግጥ ነው። ሲስተር ግን ቁጥሩን አልሸሸገችኝም፣ አላጋነነችብኝምም። ዳውን ሲንድረም የሚባለው (የልጁ የአካልና የአእምሮ እድገት የሚዘገይበት የተፈጥሮ ሁኔታ) እናቲቱ በ20ዎቹ ዕድሜ ሳለች ከሺህ በላይ ወሊድ አንዴ የሚያጋጥም ነው፤ በ40 ወደ 100 ገደማ አንድ፣ በ45 ደግሞ ወደ 30 ገደማ አንድ ይደርሳል አለችኝ። ፊቴ ሲገረጣ አይታ «መምህር አይደሉ እንዴ? 30 ልጆች ክፍል ውስጥ ያስቀምጡ። 29ኙን ይቁጠሯቸው፤ ሠላሳኛውም ደግሞ ልጅ ነው፣ ይማራል፣ ይስቃል። ምርመራውን ከፈለጉ ሐኪም ጋር እልክዎታለሁ፤ ካልፈለጉም ይተዉት» አለች። እኔ ሳልመረመር ለመቆየት መረጥኩ። ሌላዋ ሌላ ትመርጥ ይሆናል።

ለእናቲቱ የሚያሰጋው ግን ይበልጡን ግፊትና ስኳር ነው ትላለች። ዕድሜዬ ከ40 ማለፉ ብቻ ሳይሆን፣ ከመጨረሻው ልጄ ወዲህ ረጅም ዓመት መቆየቱም ግፊት እንዲነሳ ከሚያደርጉት ይቆጠራል። ይህን በፍጹም አላውቅም ነበር። ያኔውኑ ሪፈር ጽፋ ወደ ሆስፒታል ላከችኝ፤ ሐኪሙ ትንሿን አስፕሪን በየቀኑ እንድወስድ አዘዘልኝ። (እህቶቼ፣ ይህን አንብባችሁ ከፋርማሲ እንዳትገዙ። እኔም በትእዛዝ ነው የወሰድኩት፤ ደግሞም ቶሎ መጀመር ስላለበት ነው ያጣደፈችኝ።) በ26 ሳምንት ጣፋጭ ውሃ አጠጥተው ስኳሬን ለኩኝ፣ ደህና ሆነ። አይረኑን ከሻይና ከቡና አርቄ እንድውጠው መከረችኝ። ቡናውን ነው እንጂ አይረኑንማ በቻልኩት!

ክትትሉ ድሮ ልጆቼን ስወልድ አራት ጊዜ ነበር፤ አሁን ስምንት ጊዜ ሆኗል። እኔም እስክወልድ የተቀጠርኩትን ሁሉ ሄጃለሁ። ክትትሉም ወሊዱም በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው፤ ገንዘብ አጥተው ቤት የሚቀሩ ካሉ ይህን ንገሩልኝ።

የሚከብደው አግዳሚው ወንበር ላይ መቀመጡ ነው። ዙሪያዬን ያሉት የልጄ እኩዮች ናቸው። ጥበቃው «እናት፣ አስታማሚ ውጭ ነው የሚጠብቀው» ይለኛል። አንዷ ልጅ «የምራትዎ ተራ ስንተኛ ነው?» ብላኛለች። አንድ ቀን ይህን ለሲስተር ሳማርራት ሳቀች፣ ከዚያም በሩን ከፍታ በሙሉ ስሜ፣ በአባቴ ስም ጭምር፣ ግቢው እስኪሰማ ጠራችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ጥበቃው አሁን «መምህርት» ይለኛል።

ቤተሰብ ጋ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ባለቤቴን በስልክ ነገርኩት፤ መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለ፣ ከዚያ «ቆይ፣ መኪናውን ጥግ ላስይዝ» አለኝ። ወንዱ ልጄ ሳቀ። ሴቷ ልጄ አንድ ሳምንት አላነጋገረችኝም። ይህንንም ለሲስተር ነገርኳት፤ «ይዘዋት ይምጡ፣ የልቡን ምት ታዳምጥ» አለች። ይዣት ሄድኩ። ያ ቱግ ቱግ የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው ልጄ ቦርሳዬን ተቀብላኝ ያዘች፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ ብቻዬን አልሄድኩም።

ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሣራን፣ ኤልሳቤጥን ይጠራልኛል። ደግ አስበው ነው፤ እኔ ግን ያረጀሁ ያህል ይሰማኛል። ለሲስተር ስነግራት «ሣራ እኮ 90 ዓመቷ ነበር፤ ከእርስዎ ጋር ምን አገናኛት?» አለችኝ። ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ ምንም ሳትል አሮጊቶቹን ሰብስባ ዱበርቲ አስቀመጠችልኝ፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ሆዴ ላይ ዱዓ አደረጉልኝ። ወሎ ነዋ!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ሲስተር በሄድኩ ቁጥር አራት ነገር ታስደግመኝ ነበር፣ እኔ ተማሪዎቼን ማባዛት እንደማስደግመው፦ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚወጋ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት። አንዱን ካየሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እንድመጣ። «ነገ ይሻለኛል አይበሉ» ትላለች።

የግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈራችን ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል። እኔም ወንበር ወጥቶልኝ ተቀምጫለሁ፣ 37 ሳምንት ሞልቶኛል። ራሴን ፈለጠኝ። ጭሱ ነው ብዬ ቦታ ቀየርኩ። አልተወኝም። ጎረቤቶቼ «ድካም ነው፣ ግቢና ጋደም በይ» አሉኝ። ልጄ ናት «ያስደገመችሽን ረሳሽው?» ያለችኝ። ባጃጅ ጠርታ ወሰደችኝ። ሲስተር ተረኛ ነበረች፤ ስትለካኝ 150 በ100፤ ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ከ140 በ90 ጀምሮ እንደሚያሰጋ አስተምራኝ ስለነበር ቁጥሩን አይቼ አወቅኩት። አምቡላንስ እስኪመጣ የሪፈሩን ወረቀት በአንድ እጇ እየጻፈች በሌላው እጄን ይዛኝ ነበር። ተረኛ ሆና ክፍሉን ጥላ መሄድ ስለማትችል ተማሪ አዋላጇን አብራ ሰደደችልኝ፤ ሆስፒታሉ ጋ ቀድማ ደውላ ነበር፣ በር ላይ ጠበቁን።

ሆስፒታል ምጥ ማምጫ ተደርጎልኝ ሌሊቱን ሙሉ ማርያም ማርያም ሲባልልኝ አደረ። ግንቦት 2 ንጋት ላይ ወለድኩ፤ ሴት ናት፣ 2 ኪሎ ከ700። ኦፕራሲዮን አላስፈለገም። ቤት ስንገባ ጎረቤቶቼ ለሴት እልልታው ሦስት ነው ሲሉ፣ ያቺ ዱበርቲ ያስቀመጠችልኝ ጎረቤቴ «ለዚችስ ሰባት!» ብላ ብቻዋን ጨረሰችው።

ሲስተር ገንፎ ልትበላ መጣች። ልጅቷን ከእጄ ሳትቀበል በፊት ግፊቴን ለካች፤ ከወለዱ በኋላም ሊነሳ ይችላል ብላ። ከዚያ ልጅቷን ታቅፋ ዓይኔን እያየች «አሁን እንኳን ደስ አለዎት ልበልዎት?» አለችኝ። በይኝ አልኳት።

በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ ትምህርት። «በዚህ ዕድሜ ካሁን በኋላ የት…» ብዬ ልጀምር ስል በዓይኗ አስቆመችኝ። ከ50 ዓመት በታች ያለች ሴት የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት እስኪሞላ፣ ከ50 በላይ ያለችው ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላ መከላከያ አትተውም አለችኝ። ያን ቀን ሉፕ አስገብቼ ወጣሁ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼን ይህን ስነግራቸው ቡና ላይ የነበረው ሳቅ ቆመ፤ ሁለቱ በማግስቱ ሄዱ።

ሁሉም ነገሯ ማር ነው አልላችሁም። ፊቷ ኮስታራ ነው። ድምፅዋ ግቢውን ያልፋል። ቀጠሮ ያሳለፈችን ሴት ሰው ፊት ትቆጣለች፤ ይህ አንዳንዷን ያስከፋታል፣ እኔንም አንዴ አስከፍቶኛል። ወረፋው ረጅም ነው፤ አንዷ ጋ ብዙ ስለምትቆይ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። እኔም በሩ የተዘጋበትን ዕለት ሳስብ ሌሎቹ ሲጠብቁ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህ አሁን ወረፋ ስይዝ አላማርርም። የግፊት መለኪያዋ በራሷ ደሞዝ የተገዛ መሆኑን ያወቅኩት ባትሪው አልቆ ከቦርሳዋ አውጥታ ስትቀይር ነው።

በ40ዎቹ ውስጥ ሆናችሁ የወር አበባችሁ የተዛባባችሁ፣ ምግብ ያስጠላችሁ፣ ታይፎይድ ተብላችሁ መድኃኒት እየዋጣችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ሌላ ነገር ሳትውጡ መጀመሪያ የእርግዝናውን የሽንት ምርመራ አድርጉ። ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ ሲስተር ጋ ሂዱ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፣ ቁርስ በልታችሁ ሂዱ፤ ወረፋው እስከ ስድስት ሰዓት ሊያቆያችሁ ይችላል። የክትትል ካርዳችሁን እንዳትረሱ፤ ካርድ ለረሳ ምሕረት የላትም።