የናፍጣ ጭስ ካሳ በጀርመን፦ መኪናውን መመለስ ወይስ ይዞ ልዩነቱን መጠየቅ?

ጀርመን ውስጥ ጭሱ በሶፍትዌር የተጭበረበረበት የናፍጣ መኪና ከገዛችሁ አምራቹን የምትጠይቁበት ዋና መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መኪናውን አስረክቦ የተከፈለውን ገንዘብ፣ የተነዳበት ተቀንሶ፣ መቀበል ነው። ሁለተኛው መኪናውን እንደያዙ ከግዢው ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ መቀበል ነው። ብዙ ሰው በገንዘቡ ትልቅነት ተስቦ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። መወሰን ያለበት ግን በኪሎ ሜትሩና በማስረጃው ነው።

ማስረጃው

መኪናውን ለመመለስ አምራቹ ሆን ብሎ ማታለሉን ማሳየት ያስፈልጋል፤ መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 ነው። በቮልስዋገን ኢኤ189 ሞተር ይህ ተሳክቷል። ሶፍትዌሩ መኪናው በምርመራ ጣቢያ መሆኑን ለይቶ ያኔ ብቻ ጭሱን ያጣራ ነበር። ካርልስሩሄ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሜይ 25 ቀን 2020 ያገለገለ የቮልስዋገን ሻራን መኪና በ31,490 ዩሮ ለገዛ ሰው፣ መኪናውን ሲመልስ 25,616 ዩሮ እንዲከፈለው ወስኗል። ጉዳዩ ይፋ ከወጣበት ከሴፕቴምበር 2015 በኋላ አውቀው የገዙ ግን በዚህ መንገድ አልተሳካላቸውም።

«የሙቀት መስኮት» በሚባለው ዘዴ ሁኔታው ይለያል። የውጭው አየር ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ ጭሱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ሥርዓት ይቀንሳል። አምራቹም «ሞተሩን ለመጠበቅ ነው» ይላል፤ ሆን ተብሎ መደረጉን ማሳየት ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው ለእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ማርች 21 ቀን 2023 በመርሴዲስ ጉዳይ ከወሰነ በኋላ፣ ካርልስሩሄ ጁን 26 ቀን 2023 ቸልተኝነት ብቻ እንደሚበቃ ተቀበለ። ከሳሹ ሕገ ወጥ መሣሪያ (የጭስ ቅነሳውን የሚያዳክም ሶፍትዌር) መኖሩን ያሳያል፤ ጥፋት እንደሌለበት ማስረዳት የአምራቹ ሸክም ነው። በቸልተኝነት ግን መኪና መመለስ አይቻልም፤ የሚገኘው የዋጋ ልዩነቱ ብቻ ነው።

ስሌቱ

መኪናው በ30,000 ዩሮ፣ 20,000 ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ተገዛ እንበል። ፍርድ ቤቱ ሙሉ ዕድሜውን 250,000 ኪሎ ሜትር ገመተ፤ በግዢው ቀን የቀረው 230,000 ነው ማለት ነው። ገዢው 120,000 ከነዳ ተቀናሹ 30,000 × 120,000 ÷ 230,000 ነው፤ 15,652 ዩሮ ይሆናል። መኪናውን ሲመልስ 14,348 ዩሮ ይቀበላል። ያንኑ መኪና ገበያ ላይ በ9,000 መሸጥ ከቻለ ግን እውነተኛው ጥቅሙ 5,348 ብቻ ነው። በሁለተኛው መንገድ 10 በመቶ ቢፈረድለት 3,000 ያገኛል፣ መኪናውም እጁ ላይ ይቀራል።

180,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳና የገበያ ዋጋው 5,000 ቢሆንስ? ተቀናሹ 23,478 ስለሚሆን መመለሱ 6,522 ያስገኛል፤ የመኪናው ዋጋ ሲነሳ 1,522 ይቀራል። በሁለተኛው መንገድም አጠቃቀሙና ቀሪው ዋጋ ተደምረው (28,478) ካሳው ሲቀነስ ከሚቀረው የግዢ ዋጋ (27,000) ስለበለጡ፣ ትርፉ 1,478 ከ3,000 ላይ ይነሳል። የሚደርሰው ያው 1,522 ነው። ስለዚህ ከግዢው ዋጋ ላይ የአጠቃቀሙን ተቀናሽና የዛሬውን የገበያ ዋጋ ቀንሱ። ቀሪው ከ10 በመቶው በግልጽ ካልበለጠ፣ ማታለልን ለማስረዳት መድከም አያዋጣም።

የዕድሜ ግምቱ ላይ አጥብቃችሁ ተከራከሩ። በመጀመሪያው ምሳሌ 300,000 ቢወሰድ ተቀናሹ ወደ 12,857 ይወርዳል፤ 2,795 ዩሮ የሚያህል ልዩነት ነው። ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው እስከ መጨረሻው የቃል ክርክር ስለሆነ፣ ክሱ በተጓተተ ቁጥር ብዙ የሚነዳ ሰው ይጎዳል። ሶፍትዌሩ ታድሶ ችግሩ በእርግጥ ከተቃለለ የሁለተኛው መንገድ ካሳም ሊቀንስ ይችላል።

ወጪውን ማን ይሸፍን?

የሕግ ወጪ መድን ካላችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ ነገር ግን ውሉ መኪናው ከመገዛቱ በፊት የነበረ መሆን አለበት። ከግዢው በኋላ የተገባ መድን ይህን ጉዳይ አይሸፍንም። ጠበቃው ክስ ከመክፈቱ በፊት መድን ሰጪው እንደሚከፍል በጽሑፍ ያረጋግጥ።

በድርሻ የሚሠሩ ድርጅቶች ስትሸነፉ አያስከፍሏችሁም፤ ስታሸንፉ ግን ብዙ ይወስዳሉ። በቮልስዋገን ክስ የታወቀው ማይራይት 35 በመቶ ይወስድ ነበር። ከ3,000 ዩሮ ላይ 1,050 መሆኑ ነው።

በራስ ኪስ መክሰስ ለአነስተኛ ካሳ አደገኛ ነው። የተሸነፈ ወገን የሁለቱንም ጠበቆችና የፍርድ ቤቱን ወጪ ይከፍላል፤ ዳኛው የቴክኒክ ባለሙያ ካዘዘም ከሳሹ አስቀድሞ የሚያስይዘው ገንዘብ ከተጠየቀው ካሳ ሊበልጥ ይችላል። እስከ 10,000 ዩሮ (እስከ 2025 መጨረሻ 5,000 ነበር) ያለውን ክስ በአካባቢው ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ማቅረብ ቢፈቀድም፣ በዚሁ ምክንያት አንመክረውም።

ይርጋና ሰነድ

ይርጋው ጉዳዩን ካወቃችሁበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ባታውቁም እንኳ ከግዢው ቀን 10 ዓመት ሲሞላ ያበቃል። ለአምራቹ የተጻፈ አቤቱታ ብቻውን ይርጋውን አያቆመውም። መኪናውን ብትሸጡትም መብቱ አይጠፋም፤ የተሸጠበት ዋጋ በስሌቱ ይገባል፣ ነጋዴው መኪና ስትቀይሩ የሰጣችሁ ልዩ ጉርሻ ግን አይቀነስባችሁም።

ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ የግዢ ውሉን፣ ሁለቱን የመኪና መታወቂያ ወረቀቶች፣ የብድር ውል ካለ እሱን፣ ከፌዴራሉ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ወይም ከአምራቹ የመጣ የጥሪ ደብዳቤ፣ የሶፍትዌር እድሳት ማረጋገጫና ቀኑ የሚታይበት የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ፎቶ ያዙ። በግዢው ቀን የነበረው ኪሎ ሜትር በውሉ ላይ ካልተጻፈ ከአገልግሎት ደብተሩ አውጡት፤ ያለ እሱ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራም።