መኪና ወይስ ቤት ለሚለው ጭቅጭቅ፦ የጉግል ሺትስ ሪቪው

አዎ ጉግል ሺትስ፣ ያ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት የሚሰራበት አሰልቺ ሰንጠረዥ። ሪቪው የሚጻፍለት ነገር እንደማይመስል አውቃለሁ ግን ደህና ደሞዝ ማግኘት ለጀመረና "መኪና ልያዝ ወይስ ለቤት ላጠራቅም" እያለ ለሚብሰለሰል ወጣት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም፣ የባጀት አፖቹን ጨምሮ። አፖቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን ስራቸው ያወጣችሁትን ገንዘብ በቀለም ከፋፍሎ ማሳየት ነው፣ ትራንስፖርት ይሄን ያህል መዝናኛ ይሄን ያህል ምናምን። የሚያወሩት ያለፈውን ነው። የመኪናና የቤት ነገር ደሞ ገና ስላልወጣ ገንዘብ ነው።

የመኪና ሻጮች ድረ ገጽ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ባታነሱብኝ ይሻላል። ጎላ አድርጎ የሚያሳያችሁ አንድ ቁጥር ነው፣ የወር ክፍያ። 100 ሺ ተበድሬ (የየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን ስሌቱ ያው ነው) በዓመት 12 ፐርሰንት ወለድ በ5 ዓመት ልክፈል ስትሉት በወር 2,224 ይላችኋል፣ ትንሽ ደንገጥ ስትሉ ዓመቱን ወደ 7 ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ 1,765። እፎይ። ጠቅላላ የምትከፍሉት ግን ከ133 ሺ ወደ 148 ሺ ወጣ፣ ይሄ ከተጻፈም የሚጻፈው ከታች በደቃቃ ፊደል ነው። ሻጩ ቤት የመግዛት ሃሳብ እንዳላችሁ ደሞ ከየት ይወቀው፣ አልጠየቀም እኮ።

ሺቱ ላይ ሁሉንም የምትጽፉት ራሳችሁ ናችሁ፣ ጥቅሙም ጣጣውም እዚህ ጋ ነው። የሚያስፈልጓችሁ ፎርሙላዎች ሶስት ብቻ ናቸው፣ ፒኤምቲ (PMT) የብድሩን የወር ክፍያ ያወጣል፣ ኤፍቪ (FV) በየወሩ የምታስቀምጡት ከነወለዱ ስንት እንደሚደርስ ይነግራችኋል፣ ፒቪ (PV) ደሞ በወር ይሄን ያህል መክፈል የሚችል ሰው ስንት መበደር ይችላል የሚለውን ወደ ኋላ ያሰላል። የዓመቱን ወለድ ለ12 አካፍሉት፣ ካላካፈላችሁት 12 ፐርሰንቱን በየወሩ ያስብባችሁና የሚመጣው ቁጥር ጉድ ነው። ፒኤምቲ መልሱን በኔጌቲቭ ያወጣዋል፣ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ስለሆነ ነው እንጂ አልተበላሸም። ኤክሴልም ላይ እነዚሁ ፎርሙላዎች አሉ፣ ኤክሴል እንኳን እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ ነው መጀመሪያ የወጣው፣ ሺትስ በ2006 ነው የመጣው፣ ስለዚ እዚህ ያለው ስሌት አዲስ ቴክኖሎጂ ምናምን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ያችኑ 2,224 ሁለት ቦታ አስገባኋት። አንደኛው አምድ ላይ መኪና ይገዛበታል፣ ሁለተኛው ላይ በዓመት 7 ፐርሰንት በሚያስገኝ ቁጠባ ውስጥ ይገባል። ቤቱን ዛሬ 800 ሺ አልኩት፣ ቅድሚያ ክፍያው ብዙ አበዳሪዎች የሚጠይቁት 20 ፐርሰንት፣ ማለትም 160 ሺ። ቆጣቢው በ5 ዓመት 159 ሺ ገደማ ይይዛል፣ ደረሰ ማለት ነው ብላችሁ ከመጨብጨባችሁ በፊት ግን ቤቱም ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ዋጋው በዓመት 5 ፐርሰንት ይጨምር ብዬ ሌላ ረድፍ ጨመርኩ። በ5ኛው ዓመት ቅድሚያ ክፍያው 204 ሺ ሆኗል። ቆጣቢው የሚደርስበት 6 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ይሄ ራሱ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው፣ ዛሬ ባለው ዋጋ ሰርቶ "በ5 ዓመት" ብሎ ለራሱ ቃል ይገባል፣ ከዛ 5 ዓመቱ ሲያልፍ ተስፋ ይቆርጥና ያጠራቀማትን ይዞ ሄዶ መኪና ይገዛባታል።

መጀመሪያ መኪና የገዛውስ? 5 ዓመት ብድሩን ከፍሎ ጨረሰ፣ ከዛ በኋላ ያቺኑ 2,224 በየወሩ ማስቀመጥ ጀመረ እንበል። እኔ የጠበቅኩት 5 ዓመት ይዘገያል የሚል ነበር፣ ሺቱ ግን 13 ዓመት ተኩል አለኝ። ሰባት ዓመት ነው የዘገየው! ፎርሙላው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ከእንደገና አየሁት፣ ልክ ነው። እሱ ብድር ሲከፍል ቅድሚያ ክፍያው እያደገ ነበር፣ ያኛው ያስቀመጠው ገንዘብ ደሞ ወለድ እየወለደ ነበር፣ ሁለቱ ሲደማመሩ የ5 ዓመት ብድር የ7 ዓመት መዘግየት ሆነ። ለዚች አንድ ቁጥር ስል ብቻ ሺቱን ለማንም እመክራለሁ።

ሶስተኛ አምድም ሰራሁ፣ ምክንያቱም አውቶብስ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው "መኪና በጭራሽ አትግዛ" ሲሉት አይሰማም፣ ባይሰማም አልፈርድበትም። የ100 ሺውን ትቶ 40 ሺ የሚያወጣ ያገለገለ መኪና በ3 ዓመት ብድር ይግዛ፣ ክፍያው 1,329 ነው፣ የሚተርፈውን 895 ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያስቀምጥ፣ ብድሩ ሲያልቅ ሙሉውን 2,224 ያስቀምጥ። 9 ዓመት ገደማ። ከቆጣቢው በ2 ዓመት ተኩል ይዘገያል ግን መኪና አለው፣ አዲስ ከገዛው በ4 ዓመት ተኩል ይቀድማል። እኔ ብጠየቅ ይሄኛውን ነው የምመርጠው፣ መካከለኛ ስለሆነ ሳይሆን ሰው ከ6 ዓመት በላይ ያለምንም ምቾት ቆጥቦ ይዘልቃል ብዬ ስለማላምን ነው።

ግን እዚህ ላይ ሺቱ የማያውቃቸው ነገሮች አሉ፣ እናንተ ካላስገባችሁለት አይጠይቃችሁም። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ሰርቪስ፣ ጎማ፣ ፓርኪንግ። ለሶስቱም ሰዎች የትራንስፖርት ረድፍ ጨምሩ፣ መኪና የሌለውም በእግሩ ብቻ አይሄድም። ያገለገለው መኪና ላይ የጥገና ረድፏን ለቀቅ አድርጉ፣ ሞተርና ካምቢዮ ፈትሾ የሚያሳያችሁን መካኒክ ክፍያም ጭምር። የመኪናው ዋጋ መውደቅም አለ፣ አዲስ መኪና በብዙ ገበያዎች በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 20 ፐርሰንት አካባቢ ይወርዳል ይባላል፣ ሁልጊዜ እንደዛ ነው ማለት ግን አይደለም፣ በ2021 የቺፕ (መኪና ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ) እጥረት ጊዜ በብዙ አገር ያገለገለ መኪና ዋጋ ጭራሽ ጨምሮ ነበር። ስለዚ "መኪናም እኮ ንብረት ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትጣሉ፣ የመሸጫውን ዋጋ ረድፍ ላይ ያስገባና ይየው።

አንድ ጓደኛዬ ሺቱን ስልክለት ተናደደ፣ ስራው ደንበኛ ጋር መዞር ነው፣ መኪናው ያመጣልኛል እንጂ አይበላኝም አለ። እውነቱን ነው፣ ገቢውን በወር ሌላ ረድፍ አስገባንለትና ውጤቱ ተገለበጠ። መኪናው በወር ከወጪው በላይ የሚያስገባለት ሰው ይሄ ሁሉ ክርክር አይመለከተውም። የሚመለከተው ጠዋት ቢሮ አቁሞ ማታ ይዞት የሚገባውን ነው። ደሞዝ የሚጨምርለት ሰውም በየዓመቱ የሚቆጥበውን ከፍ ካደረገ ያቺ 7 ዓመት ትጠባለች፣ ይሄን ካላልኩ ውሸታም እሆናለሁ።

ማንም ሳይነግራችሁ የምታልፍ አንዲት ነገር ደሞ ፒቪ ላይ ታገኛላችሁ። የቤት ብድር የሚሰጠው አካል ገቢያችሁን ብቻ አያይም፣ በየወሩ የምትከፍሉትን ሌላ ዕዳም ከገቢያችሁ ላይ ይቀንሳል። የመኪናው 2,224 ገና ካላለቀ ያቺ ክፍያ የቤት ብድሩን አቅም ትበላዋለች፣ በ20 ዓመትና በ10 ፐርሰንት ስታሰሉት 230 ሺ የሚሆን ብድር ነው የምታስቀረው። ቅድሚያ ክፍያውን አጠራቅሞ እንኳን የመኪና ብድር ያላለቀለት ሰው ባንክ ሄዶ ከጠበቀው በታች ሲነገረው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ስለ ሺትስ ራሱ ልጨርስ። ነጻ ነው፣ ሁለት ሰው እኩል ከፍቶ ማረም ይችላል፣ አብረው ለሚኖሩ ወይ ሊጋቡ ላሰቡ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አንዱ መኪና አንዷ ቤት ስትል ቁጥሩን ሁለቱም እያዩ ይቀያይሩታል፣ ማን ምን እንደነካ ደሞ ሺቱ በሚይዘው የለውጥ ታሪክ ይታያል (አንዳንድ ቤት ይሄ ራሱ ሌላ ጸብ ነው)። ስልክ ላይ ፎርሙላ መጻፍ ግን ስቃይ ነው፣ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰርታችሁ ስልክ ላይ ቁጥር ብቻ ቀይሩ። ጎል ሲክ የሚባለው፣ መልሱን ሰጥታችሁት መነሻውን የሚፈልግላችሁ፣ ኤክሴል ላይ አብሮ ይመጣል፣ ሺትስ ላይ ግን ለብቻው አድ ኦን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን አለባችሁ። ከ5 ኮከብ 4። ወለዱን፣ የቤቱን ዋጋ ጭማሪና የመኪናውን ዋጋ ለየብቻቸው ሴል ውስጥ አስቀምጧቸው እንጂ ፎርሙላው ውስጥ አትቅበሯቸው፣ በየ6 ወሩ ስትመለሱ ሶስቷን ብቻ መቀየር ይበቃችኋል።