ፔንታክስ ፓፒሊዮ 2፦ እስስትን ከ2 ሜትር ላይ፣ ሳይነኩ

በእንጦጦ ተዳፋት፣ በሱሉልታ የድንጋይ ካብ ወይም በመናገሻ የጽድ ጫካ ዳር እንሽላሊት ለማየት የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለወፍ የተሠራ ባይኖኩላር አንግቶ ይሄዳል። ወፍ ሩቅ ናት፤ እንሽላሊት ግን ከእግር ሥር ናት። ብዙው ባለ 8×42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በታች ሲቀርቡት ይደበዝዛል። ቢጠራ እንኳ ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ስለሚያዩ ምስሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ዓይንም ይደክማል። ያኔ ሰው እጁን ሰዶ ሊይዛት ይሞክራል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ እንሽላሊቶች ጅራታቸውን ጥለው ያመልጣሉ፣ ጅራታቸው ደግሞ ስብ የሚያኖሩበት ጎተራቸው ነው። ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ደጋ ያንን ስንቅ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ጅራቱ መልሶ ቢበቅልም ውስጡ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ይሆናል፣ መልኩም ከድሮው ጋር አይገጥምም።

ለቅርብ ዕይታ የተሠራው የፔንታክስ ባይኖኩላር፣ ፓፒሊዮ 2፣ ብልሃቱ ፊቱ ላይ ነው። የፎከስ መዞሪያው ወደ ቅርብ ሲዞር ሁለቱ የፊት ሌንሶች ወደ ውስጥ ይጠጋጋሉ፤ ቅርብ ነገር ስናይ ዓይኖቻችን ወደ አፍንጫችን እንደሚዞሩት ማለት ነው። ስለዚህ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር ሳይቀር በአንድ ክብ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ክብደቱ 290 ግራም ገደማ ስለሆነ ግማሽ ቀን አንገት ላይ ቢውል አይሰማም።

የሚመጣው በሁለት ዓይነት ነው፦ 6.5×21 እና 8.5×21። ገዢ ሁሉ ዓይኑ ትልቁ ቁጥር ላይ ያርፋል። ለእንሽላሊት ግን ትንሹን እንመርጣለን፣ ምክንያታችንም ይህ ነው። በ2 ሜትር ርቀት 6.5ቱ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ 8.5ቱ 21 ገደማ ብቻ። ቁጥቋጦ ውስጥ የተሸሸገች እስስትን ፈልጎ ለማግኘት ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ በ6.5ቱ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ በ8.5ቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጥላ ውስጥ ትንሹ ይደምቃል። ማጉላቱ ሲጨምር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ደግሞ ይሳሳል፤ ራሷ ሲጠራ ትከሻዋ ይደበዝዛል። 8.5ቱን የገዛ ሰው ከሥሩ ባለው መግጠሚያ ትራይፖድ ላይ ቢያስረው ይጠቀማል።

ማስተካከሉ አንዴ በትክክል ከተሠራ ይበቃል። መጀመሪያ ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ ድረስ ቱቦዎቹን እንደ ዓይን ስፋት ማጠፍ ነው። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው የባይኖኩላሩን የዓይን ጎማዎች ዝቅ ያደርጋል፤ ያላደረገ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ፣ 3 ሜትር ላይ ያለ ቅጠል በግራ ዓይን በመሐለኛው መዞሪያ ማጥራት። ቀጥሎ ግራውን ጨፍኖ ያንኑ ቅጠል በቀኙ የዓይን መመልከቻ ማስተካከያ ማጥራት። ይህን የዘለለ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ጥፋቱንም በዕቃው ላይ ያላክካል።

አሁን ወደ ቁጥቋጦው። የደጋችን እስስት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ ትገኛለች። ማለዳ አጥሩን የሚያሞቀው ፀሐይ ሲደርስ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በሚነካው ወገን መፈለግ ነው። ጎኗን ጠፍጣፋ አድርጋ ወደ ፀሐይ ታዞራለች፣ ያ ጎኗም ይጠቁራል፤ ጥቁር መልክ ሙቀት ይስባልና። በመነጽሩ ይህ ሲሆን ደቂቃ በደቂቃ ይታያል። ጣቶቿም ይለያሉ፦ በፊት እግሯ ሦስቱ ወደ ውስጥ፣ ሁለቱ ወደ ውጭ ተጣብቀው እንደ ጉጠት ቅርንጫፍ ይይዛሉ፤ በኋላ እግሯ ተገላቢጦሽ ነው። ይህች እስስት እንቁላል መሬት ውስጥ አትቀብርም፤ ሆዷ ውስጥ ይዛው ፀሐይ እየሞቀች ታሳድገውና ልጅ ትወልዳለች። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ እንቁላል በዝግታ ያድጋል፤ እናት ግን ሙቀት ወዳለበት ተሸክማው መሄድ ትችላለች። ከአርክቲክ ክበብ አልፋ በስካንዲኔቪያ የምትኖረው የአውሮፓ እንሽላሊትም በዚሁ መንገድ ትወልዳለች። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ብርድ ነው።

አቀራረብ፦ ጥላ እንዳያርፍባት ከጎን መምጣት፣ 5 ሜትር ላይ መቆም፣ 3 ላይ መቆም፣ ከ2 ሜትር በታች አለመቅረብ። ዞራ ከቅርንጫፉ ጀርባ ከተሸሸገች አይተዋታል ማለት ነው፤ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ብሎ መጠበቅ ይሻላል። አጠገብ የቆሙ ልጆች ድንጋይ ካነሱ መነጽሩን ለእነሱ መስጠት ነው። የዓይኗን ሽፋን፣ እንደ ሾጣጣ ቆብ ተሰፍቶ መሐሉ ብቻ የተበሳውን፣ አንዴ ያየ ልጅ ድንጋዩን ይጥላል።

ካቡ ላይ የሚሮጡት አንጸባራቂ እንሽላሊቶች ሌላ ነገር ያስተምራሉ። እግራቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ረዥም ስለሆነ ሰው እባብ ነው ብሎ ይገድላቸዋል። በ6.5ቱ የጆሮ ቀዳዳና የሚከደን የዓይን ሽፋን በግልጽ ይታያል፤ እባብ ሁለቱም የለውም።

ይኸው መነጽር ከአገር ውጭም ቦታ አለው። በጋላፓጎስ ባሕር ውስጥ ገብታ አልጌ የምትግጠውን ኢጉዋና ከ2 ሜትር በታች መቅረብ በፓርኩ ደንብ ክልክል ነው፤ ያ ርቀት ለፓፒሊዮ ልኩ ነው። በማዳጋስካር እ.ኤ.አ. በ2012 ለሳይንስ የታወቀችው ብሩኬዥያ ሚክራ የምትባለው እስስት ሙሉ ርዝመቷ 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ እሷን ለማየት 50 ሴንቲ ሜትሩ የግድ ነው። ለኮሞዶ ድራገን፣ እስከ 3 ሜትር ለሚደርሰው፣ ወይም በቆላ ወንዞቻችን ዳር ለሚኖረው አርጃኖ ግን ይህን አይያዙ። ከሩቅ መታየት ያለባቸው ናቸው፣ 8×42 ይሻላቸዋል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። የ21 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይጨልማል። ማታ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ገርጥታ የምትተኛውን እስስት በባትሪና በባዶ ዓይን መፈለግ ይቀላል። ከቅርብ ወደ ሩቅ ሲሄድ መዞሪያው ብዙ ይዞራል፤ በመሐል የምትበር ወፍ ታመልጣለች። ከሁሉ የሚከፋው ውኃ እንዳይገባው ሆኖ አለመሠራቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል፤ ካፊያ ከያዘው ከረጢቱ ውስጥ ሳይከቱ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። በበጋ የለገጣፎ አቧራ የፊት መስተዋቱ ላይ ሲያርፍ በሸሚዝ አይጠረግም። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ይነፋል፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ ላይ በሌንስ ጨርቅ። ክረምቱን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጠው ከሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ፤ ጄሉ ቀለም የሚለውጠው ዓይነት ከሆነ መልኩ ሲቀየር ደርቆ ይመለሳል ወይም ይተካል፤ እርጥበት ከገባ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላልና።