ዳላስ ያለው የቡሽ ሙዚየም፦ አራት ኮከብ፣ አምስተኛውን ያስቀረሁበት ምክንያት

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባችሁ ሞል ለሞል ማዞር ለሰለቻችሁ የዳላስና የአካባቢዋ ሐበሾች ነው የምጽፈው። አጎቴ ሰሞኑን መጥተው ነበር። ደሴ ውስጥ ሲቪክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሱቅ ውስጥ አስር ደቂቃ ከቆሙ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ፖለቲካ ያለበት ቦታ ግን ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ስለዚህ የጆርጅ ደብልዩ ቡሽን ሙዚየም መረጥኩላቸው።

ቦታው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ የተከፈተው በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ)። ከጋርላንድም ከሪቻርድሰንም ለሚነሳ ሩቅ አይደለም። ቲኬቱን ኦንላይን ብትቆርጡ ይሻላል፣ ለአዛውንት ቅናሽ አለው። መስተንግዷቸው እንከን የለውም። አንዲት በጎ ፈቃደኛ አሮጊት ጋሼን እጃቸውን ይዛ መቀመጫ ፈልጋ አስቀምጣቸዋለች፤ ቋንቋ ሳይግባቡ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከመንትዮቹ ሕንፃዎች የተረፈው የተጣመመ ብረት ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ መንካት ይፈቀዳል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነኩት። የፕሬዚዳንቱ ቢሮ በልኩ ተሠርቶ አለ፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ስለ ስጦታዎቹና ስለ ቀሚሶቹ ብዙ የምለው የለኝም፣ አልፈናቸዋል።

ጋሼን ያስቆማቸው ሌላ ነገር ነው። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ አገር ያመሰው ምርጫ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ከድምፅ መስጫ ካርዶቹ ላይ የተበሱት ኢምንት የወረቀት ብጣሾች በዕቃ ተቀምጠዋል። ክርክሩ ያ ሁሉ ወር የፈጀው ካርዱ በደንብ ተበስቷል አልተበሳም በሚል ነበር። ልዩነቱ 537 ድምፅ እንደነበረ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም 5 ለ 4 እንደወሰነ ስነግራቸው ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጎንበስ አሉ።

“ተሸናፊውስ?” አሉኝ።

“አል ጎር? ውሳኔውን አልስማማበትም ግን እቀበላለሁ ብሎ ቤቱ ገባ።”

“የሚገባበት ቤት ስለነበረው ነዋ” አሉ። ያን ጊዜ ነገሩን ብዙም አላጤንኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ቲኬቱ ያወጣል። “ዲሲዥን ፖይንትስ ቴአትር” የሚባል ክፍል አለ። ፊታችሁ የሚነካ ስክሪን ይሰጣችሁና ፕሬዚዳንት ትሆናላችሁ። የሚቀርቡት አራት ጉዳዮች ናቸው፦ የኢራቅ ወረራ፣ ኋላ ወደ ኢራቅ ተጨማሪ ጦር መላክ፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ እና የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ። ተዋንያን የጦር አዛዥና አማካሪ ሆነው ምክር ይለግሷችኋል። ጊዜያችሁ አራት ደቂቃ ነው። መጨረሻ ላይ ቡሽ ራሳቸው በቪዲዮ ብቅ ብለው እሳቸው ምን እንደወሰኑና ለምን እንደወሰኑ ያስረዳሉ።

እኛ ኢራቅን ሞከርን። እኔ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተመለሱ የሚለውን ነካሁ። ጋሼ ትርጉሜን እንኳ ሳያስጨርሱኝ ጦር ይዝመት የሚለውን ነኩ። ደነገጥኩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ስለ ሉዓላዊነት ያስተማሩ ሰው ናቸውኮ!

“ጋሼ፣ ምን ነካዎት? በሰው አገር?”

“ሐላብጃን ረሳሽው? ሳዳም ሑሴን በ1988 በመርዝ ጋዝ የፈጃቸው የገዛ ዜጎቹን ነው። ጎረቤትሽ ሚስቱን በገጀራ ሲያሳድድ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለሽ በርሽን ትዘጊያለሽ?”

እኔም ጦርነቱ የተሸጠው በሐላብጃ ስም እንዳልሆነ፣ አለ የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያም እንዳልተገኘ ነገርኳቸው። ዴሞክራሲ ዋናው ምክንያት ሆኖ ጎልቶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቡሽ አምባገነንነትን ከዓለም ማጥፋት የመጨረሻ ግባችን ነው ያሉት በጥር 2005 ሁለተኛ ቃለ መሐላቸው ላይ ነበር። በዚያው ወር ከ8 ሚሊዮን በላይ ኢራቃውያን ቦምቡን ሳይፈሩ ወጥተው ድምፅ ሰጡ፣ ጣታቸውን ቀለም ነክረው። ይህን ጋሼ ናቸው ያስታወሱኝ፣ ደግሞም እውነት ነው። “በግድ የመጣ ነው ብለሽ ያን ጣት ልትንቂው አትችይም” አሉኝ። አልናቅኩትም።

ክርክሩ የጋለው ሪቻርድሰን ወዳለ ሐበሻ ቤት ሄደን ቡና ስንጠጣ ነው። ስልኬን አውጥቼ በግንቦት 2003 የሆነውን አነበብኩላቸው። ባግዳድ ከተያዘች ገና ወር አልፏት ነው። የአሜሪካው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር በወሩ በ16ኛው ቀን የሳዳም ገዥ ፓርቲ የነበረውን የባዝ ፓርቲን ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ አገደ፣ በ23ኛው ቀን ጦሩን በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ የለመደ ሰው በአንድ ወረቀት ያለ ደሞዝ ቀረ። ተቃውሞ ሲበረታ ነው ድጎማ የተጀመረላቸው። ከመኮንኖቹም አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ አይሲስ ውስጥ ተገኙ።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። “ይሄን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ” አሉ። በኛ 1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወታደሩ በደሴ በኩል እግሩ ቆስሎ፣ ካፖርቱን ለዳቦ እየሸጠ ሲያልፍ ያዩትን አጫወቱኝ። ያኔ ለንደን ላይ የአሜሪካው አደራዳሪ ኸርማን ኮኸን ዴሞክራሲ ከሌለ ትብብር የለም ማለቱን በሬዲዮ የሰማ ሁሉ ተስፋ አድርጎ እንደነበርም ጨመሩልኝ። “ተስፋውን እኔም አድርጌያለሁ። ግን ያን ወታደር ማታ የት ያድራል ብሎ የጠየቀ አላየሁም።”

የፍሎሪዳው ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አል ጎር ሲሸነፍ ጡረታውን የሚቀማው፣ ልጆቹን ከሥራ የሚያባርር የለም። ኢራቅ ውስጥ ግን ገና ከመነሻው የተሸነፈ ሰው ምንም እንደማይተርፈው በአዋጅ ተነገረው። ታዲያ በ2010 ምርጫ የተቀናቃኙ የአያድ አላዊ ቡድን 91፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ማሊኪ ደግሞ 89 ወንበር ሲያገኙ ማሊኪ ለምን ይነሱ? አልተነሱም፤ ከወራት ድርድር በኋላ እሳቸው እንደገና መንግሥት መሠረቱ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ዴሞክራሲ የተከለችባት ጃፓንስ የሚል ይኖራል፣ ጋሼም ብለውኛል። የጃፓንም ጦር ተበትኗል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው አልወረዱም፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ፓርላማ ደግሞ ከ1890 ጀምሮ ያውቁ ነበር። አሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር ያስጻፈላቸው ሕገ መንግሥት በባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም።

አምስተኛውን ኮከብ ያስቀረሁት ለዚህ ነው። ቴአትሩ ዝመት ወይስ ተው ብሎ ይጠይቃል፤ በግንቦት ወር ጦሩን በትን ወይስ ደሞዙን ክፈል የሚለው ከአራቱ ጉዳዮች ውስጥ የለም። እኔ ብሆን ካትሪናን እንኳ ትቼ እሱን አስገባ ነበር። አንድም የኢራቅ ሰው ሆኖ የሚመክር ተዋናይ ቢጨምሩበት ደግሞ እንዴት በጠቀመ!

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አሥራዎቹን የጀመሩት ይወዱታል፣ ትንንሾቹ ቶሎ ይሰለቻሉ። ቢያንስ ግማሽ ቀን ያዙለት። ቴአትሩን ለመጨረሻ አታቆዩት፣ ስትደክሙ አራቱ ደቂቃ ሳታነቡ ያልቅባችኋል። እንግዳችሁ እንግሊዝኛ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ተቀመጡና ፈጠን ፈጠን እያላችሁ ተርጉሙለት፣ ጋሼ እንዳደረጉት ሳያስጨርሳችሁ እንዳይነካው።