የናይሮቢውን ፔት ስካን ያስነበብንበት የደሴ ክሊኒክ

ባለፈው ሚያዝያ አባቴን ይዘን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል የውስጥ ደዌ ክሊኒክ የሄድነው ለአዲስ ምርመራ ሳይሆን፣ ናይሮቢ የተነሣውን የፔት ስካን (ሰውነት ውስጥ ስኳር የት እንደሚበላ የሚያሳይ ምስል) ውጤት በሚገባን ቋንቋ የሚያስረዳን ሐኪም ፍለጋ ነበር። የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑ በኢንዶስኮፒና በናሙና ተረጋግጧል፤ ዓይነቱ ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ጠፍጣፋ ሕዋሳት የሚነሣው፣ ስኩዌመስ የሚባለው ሲሆን ያለበትም የቧንቧው መካከለኛ ክፍል ነው። ሪፖርቱ ላይ «ኤስዩቪ ማክስ 14.2» የሚል ቁጥር፣ ማለትም ዕጢው ስኳር የሚስብበት ከፍተኛው ልክ፣ ሰፍሯል። ወንድሜ ቁጥሩ ከፍ ካለ ዕድሜ አጭር ነው የሚል ነገር ስልኩ ላይ አንብቦ ኖሮ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ዶክተሯ የጀመሩት ከቁጥሩ ሳይሆን ከምስሉ ነው። አባቴ ጭንቅላቱና ፊኛው ጠቁረው ሲያይ «እዚህም ገብቷል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «የለም አባባ፣ የተወጉት መድኃኒት ስኳር መሰል ነው፤ አንጎል ሁልጊዜም ስኳር ይበላል፣ ፊኛዎ የጠቆረው ደግሞ ትርፉ በሽንት ስለሚወጣ ነው» አሉት። ከዚያም ደረቱ መካከል ያለውን ጥቁር ነጥብ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳዩት፤ የካንሰር ሕዋስ ስኳሩን ከጤነኛው አብልጦ ስለሚስብና ውስጡ ስለሚያስቀረው ያ ቦታ ጎልቶ ይታያል። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነ ከመርፌው በፊት ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር መለካቱንም ከሪፖርቱ ላይ አረጋገጡ፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ምስሉ ይደበዝዝ ነበርና።

ወደ 14.2 የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ቁጥሩ እንደ ማሽኑ፣ ከመርፌው በኋላ እንደተጠበቀው ጊዜና እንደ ዕጢው መጠን ስለሚለያይ፣ ብቻውን ይዞ የአንድን ሰው ዕድሜ መቁረጥ አይቻልም አሉ። ይልቅ አብልጦ የሚመዝነው በሽታው ወደ ንፍፊቶች፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት መዝለቅ አለመዝለቁ ነው፤ ፔት ስካን ሲቲ ስካን ያላየውን ሥርጭት አንዳንዴ የሚያገኘውም በዚህ በኩል ነው። የአባቴ ሪፖርት ከዕጢው አጠገብ ካለ አንድ ንፍፊት በቀር ሌላ ቦታ አላነሣም።

ወንድሜ ግን በዚህ አልረካም፤ ታዲያ ምርመራው ወደፊት የሚሆነውን ጨርሶ አይናገርም ወይ ሲል ጠየቀ። መልሳቸው የክፍያችን ዋጋ እዚህ ላይ ነበር የሚያሰኝ ነው። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመውን ሙኒኮን የተባለ ጥናት ጠቀሱ፦ ኬሞ ከተጀመረ ከ14 ቀን በኋላ ፔት ስካን ሲደገም፣ የዕጢው የስኳር ፍጆታ በ35 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው ሕሙማን ካልቀነሰላቸው ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረዋል። ነገር ግን ጥናቱ የተሠራው ቧንቧው ከጨጓራ በሚገናኝበት ቦታ ላይ በሚነሣው ሌላ ዓይነት ካንሰር ላይ ስለሆነ፣ መለኪያውን እንዳለ ለአባባ ልገለብጥላቸው አልችልም አሉ። ጨረር ከተሰጠ በኋላ ደግሞ የተቆጣው ቧንቧ ራሱ ስኳር ስለሚስብ፣ ሳምንታት ሳይቆዩ የሚነሣ ምስል ሊያሳስት ይችላል። የሚያውቁትን ከማያውቁት እንዲህ ለይቶ የሚነግር ሐኪም ብዙ አልገጠመኝም።

መሣሪያው ለምን ደሴ እንደማይመጣ ስንጠይቅም ስሌቱን ሠርተው አሳዩን። መሣሪያው ያለ መርፌው መድኃኒት አይሠራም፤ በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ፍሎሪን 18፣ በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ቢጫን እንኳ ከ8 ሰዓት ጉዞ በኋላ የሚደርሰን ከሃያ እጅ አንዱ እጅ ገደማ ነው።

ቅሬታዬ ከሕክምናው ውጭ ባለው ነገር ላይ ነው። ቀጠሯችን ለ8 ሰዓት ሆኖ ሳለ የገባነው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ፈሳሽ እንኳ በጭንቅ የሚውጥ ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ ጠንካራ አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም፣ ይቅርታ የጠየቀንም አልነበረም። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ደግሞ ሲዲ ማስገቢያ ስለሌለው፣ ወንድሜ ጎረቤት ካለ የኮምፒውተር ቤት ምስሉን ወደ ፍላሽ አስገልብጦ እስኪመለስ ሌላ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ክፍያው ከማንኛውም የስፔሻሊስት ክፍያ አልበለጠም፤ ከእኛ ጋር የቆዩት ግን ከ40 ደቂቃ በላይ ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ ምስሉን ቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ፣ የናሙናውን ውጤትም አትርሱ፤ ዶክተሯ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።