የጊታር ጠርዝ መቁረጫ ፑንታ፦ ስለቱ ግሩም፣ ኩሽኔታዎቹ ግን ያለ ምልክት

አኩስቲክ ጊታር ስሠራ ልቤ የሚመታው ሣጥኑ ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ነው። ጠርዙን ዙሪያውን ለሚከብበው ቀጭን ጥብጣብ፣ ለባይንዲንጉ፣ ቦይ መቁረጥ አለብኝ፤ እጄ ትንሽ ከሳተ የወራት ድካም ገደል ይገባል። ቨርጂኒያ ባለው ጋራዤ ውስጥ ለዚህ ሥራ የምጠቀመው በኢንተርኔት የገዛሁትን የራውተር (በሚሽከረከር ስለት እንጨት የሚቦረቡር የእጅ ማሽን) ፑንታ ከነተቀያያሪ ኩሽኔታዎቹ ነው።

የፑንታው ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ነው። 15 ሚሊ ሜትር ኩሽኔታ ሲገጠምበት፣ ኩሽኔታው በሣጥኑ ጎን ላይ እየተንከባለለ ይመራውና 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለቱን ያለ ስስት አመሰግናለሁ፤ ሮዝዉድ የተባለው ጠንካራ እንጨት ላይ ያወጣው ማዕዘን ጥርት ያለ ስለነበረ መሮ አላነሳሁም።

ቅሬታዬ ኩሽኔታዎቹ ላይ ነው። ልዩነታቸው የሚሊ ሜትር ሽራፊ ሆኖ ሳለ አንዱም ላይ መጠኑ አልተጻፈም! ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ሽራፊ የሚለካ መሣሪያ) የሌለው ሰው በግምት ሊገጥም ነው?

ማስታወቂያው ያላነሳው ሌላም ነገር አለ። የጊታር ጀርባ ዝርግ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ነው። ራውተሩ በቀጥታ ጉብታው ላይ ካረፈ ያዘነብላል፤ ቦዩም ያጋድልና ጥብጣቡ ሲለጠፍ ክፍተት ይታያል። ስለዚህ ራውተሩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት መያዣ የግድ ነው። የእኔን ከኮምፔንሳቶና ከመሳቢያ ሐዲድ ሠርቼዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ የምታርፈው ከፑንታው ሥር ያለች ጠባብ ቀለበት ብቻ ናት። ኩሽኔታው ደግሞ ያገኘውን ይገለብጣል፦ ጎኑ ላይ የቀረች የኮላ ጠብታ ቦዩ ውስጥ ጉብታ ሆና ትወጣለች። ሰጋቱራውንም በየመሃሉ ከኩሽኔታው ላይ መጥረግ ይገባል።

የጊታሩ ፊት እንጨት፣ ስፕሩስ፣ ለስላሳ ስለሆነ ጭረቱ ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል። አስቀድሜ ጠርዙን ሼላክ (ደርቆ እንጨቱን የሚያጠነክር ቫርኒሽ) እቀባዋለሁ፤ ከዚያ ከሰፊዎቹ ክፍሎች ተነስቼ ወደ ወገቡና ወደ ጫፎቹ እቆርጣለሁ። በአንዳንዱ አቅጣጫ ማሽኑ ራሱ ወደፊት ስለሚስብ፣ በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ስስ ስሱን ማስነከስ ያስፈልጋል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንድ ጊታር ብቻ ሠርቶ ለማቆም ያሰበ ሰው ግን ገንዘቡን ይያዝ፤ በእጅ የሚገፋ የመስመር መቁረጫና የተሳለ መሮ ይበቁታል።