ምርምርን በሦስት ደቂቃ፦ የአንድ የዩኒቨርሲቲ መድረክ ግምገማ

የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረውና ዛሬ በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚካሄደው «የሦስት ደቂቃ መመረቂያ ጽሑፍ» ውድድር፣ የዶክትሬት ተማሪዎች ለዓመታት የደከሙበትን ምርምር ከሙያው ውጭ ላለ አድማጭ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲያስረዱ የሚጠይቅ መድረክ ነው። ሐሳቡ የመነጨው ግዛቲቱ በድርቅ በተመታችበት ወቅት ነዋሪዎች ውኃ ለመቆጠብ ገላቸውን የሚታጠቡበትን ጊዜ በ3 ደቂቃ መለኪያ ይወስኑ ከነበረበት ልማድ ነው።

ተወዳዳሪው አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ድምፅና ቪዲዮ መጠቀም ክልክል ሲሆን፣ ከተወሰነው ጊዜ ያለፈም ከውድድሩ ይሰረዛል። ደንቡ ጥብቅ ቢመስልም የመድረኩ ዋና ጥንካሬ ያለው በእኔ እምነት እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በሙያ ቃላት መሸሸግ የለመደ ተመራማሪ «ይህ ጥናት ለማን፣ ለምን ይጠቅማል?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ከመድረክ ሊወርድ አይችልም። ከዳኞች ሽልማት ጎን ለጎን ለተመልካች ምርጫ የተለየ ሽልማት መኖሩም አድማጩን የውድድሩ ባለቤት ያደርገዋል።

ቅር የሚያሰኘኝ አንድ ነገር አለ። ዳኞች የሚመዝኑት የገለጻውን ግልጽነትና ማራኪነት እንጂ የጥናቱን ዘዴ ጥራት ስላልሆነ፣ የበሽታን ነገር የሚያነሣ ተማሪ በንድፈ ሐሳባዊ ሒሳብ ከሚደክመው ባልደረባው ይልቅ የአድማጩን ልብ በቀላሉ ይገዛል። ከእያንዳንዱ ገለጻ በኋላ ለአንድ ጥያቄ የሚሆን ጊዜ ቢሰጥ ይህ ክፍተት በእጅጉ ይጠብ ነበር።